የተልባ ዝቃጭ አይደፋም

ለልብ የሚስማማ ምግብ ምን እንደሆነ አንድ የከተማ ሰው ጠይቁ። የወይራ ዘይት ይላችኋል፤ አቮካዶ ይላችኋል፤ ደፈር ካለ ደግሞ በቆርቆሮ ታሽጎ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዓሣ ይጨምርላችኋል። ተልባ የሚል አታገኙም። ተልባ በብዙዎቻችን ቤት ጨጓራ ሲነሳ ወይም ሆድ ሲደርቅ የሚታወስ፣ ሲሻለን ደግሞ ወደ ጓዳ ተመልሶ የሚረሳ እህል ነው። እኔ ግን ከማውቃቸው የአበሻ ጓዳ ዕቃዎች ሁሉ እንደ ተልባ ዋጋው ያልታወቀ አለ ብዬ አላምንም።

ስለ ልብና ምግብ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ቶሎ ልለፈው። ጨው መቀነስ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ጥራጥሬና አትክልት ማብዛት፣ ቅቤንና የሚረጋ ዘይትን መመጠን፣ ሲጋራ አለማጨስ። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የማይጠፋበት ቤት ግማሹን መንገድ ሄዷል። አሁን ወደ ተልባዬ።

ተልባ የደጋ ልጅ ነው። አርሲ፣ ባሌ፣ ሸዋ፣ ጎጃም፣ ወሎ ይበቅላል። ማሳውን ማየት የፈለገ ሰው በጠዋት መነሳት አለበት፤ ሰማያዊው አበባ ማለዳ ይፈካና እኩለ ቀን ሲያልፍ መርገፍ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ ያለፈ መንገደኛ አረንጓዴ ሣር የመሰለ ነገር አይቶ ይሄዳል። በ1919 ዓ.ም. አገራችንን የዞረው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ብዙ ዓይነት ሰብል ከሚገኝባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ ሲያደርጋት፣ ተልባም በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። አውሮፓና ግብፅ ከግንዱ ቃጫ እያወጡ የተልባ እግር ጨርቅ ሲሸምኑበት፣ እኛ ዓይናችንን የጣልነው ፍሬው ላይ ነው። በዚህስ ተሳስተናል ብዬ አላስብም።

ፍሬው ምን ይዟል? ከክብደቱ 40 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው፤ ከዘይቱም ከግማሽ በላይ የሆነው ኦሜጋ 3 የሚባለው ቤተሰብ አባል፣ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 1.6 ግራም ያህል ይሰጣል። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ለአንድ ወንድ በቀን ይበቃዋል ብሎ ያስቀመጠው ልክ ይህንኑ 1.6 ግራም ነው፤ ለሴት 1.1። በአንድ ማንኪያ የቀኑ ድርሻ ተሞላ ማለት ነው። ከዓሣ የሚገኘው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውነታችን የተልባውን ወደ ዓሣው የሚቀይረው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ይተካል አልልም። ዓሣ በየዕለቱ ለማይገኝበት ገበታ ግን ከዚህ የተሻለ ምንጭ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ሀብቱ አሰሩ ነው፤ ፋይበር የምንለው። ተልባ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ዝልግልግ ነገር፣ ልጆች ፊታቸውን የሚያጨማድዱበት፣ ውሃ የሚያሟሟው አሰር ነው። ሥራውን የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ጉበት ስብ ለማዋሃድ ሐሞት ያመነጫል፤ ሐሞት ደግሞ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። በወትሮው ሐሞቱ ሥራውን ጨርሶ ከአንጀት ወደ ጉበት ይመለሳል። ዝልግልጉ ግን ከሐሞቱ ከፊሉን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል፤ በደም ውስጥ ያለው መጥፎው ኮሌስትሮል በዚህ ይቀንሳል። አጃ የሚመሰገነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አጃ ማስታወቂያ አግኝቷል፤ ተልባ አላገኘም።

ማስታወቂያ ማጣት ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ተረትም ወጥቶበታል። “ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ” እንላለን፤ ቢጮህ ቢንጫጫ የትም አይደርስም፣ ማለቂያው አንድ ሙቀጫ ውስጥ ነው ለማለት። ንቀት ነው። ይሁንና ተረቱ ሳያውቀው ትክክለኛውን የአጠቃቀም መመሪያ ተናግሯል። ተልባ ካልተወቀጠ ዋጋ የለውም። ቅርፊቱ ጠንካራና የሚያንሸራትት ስለሆነ ጥርስን ያመልጣል፤ ሆድም አይሰብረውም። ሳይሰበር የተዋጠ ፍሬ ዘይቱን እንደያዘ፣ እንደገባ ይወጣል።

ይህን የምለው አሁን የመጣ አንድ ልማድ ስለሚያበሳጨኝ ነው። ጥሬ ተልባ ማታ በብርጭቆ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ “ውፍረት ይቀንሳል፣ ልብ ያጸዳል” ይባላል። ውሃው ዝልግልጉን ይዟልና ለሆድ ድርቀት አይከፋም። ኦሜጋ 3 ፍለጋ ከሆነ ግን ፍሬው ሳይነካ ከነሀብቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ነው የሚሄደው። ከብርጭቆው ሥር የቀረውን ፍሬ ወደ ቆሻሻ የሚደፋማ ያን ያህል መንገድ እንኳ አያስኬደውም። የተረፈውን ዝልግልግ ለፀጉራቸው የሚቀቡት ቢያንስ ጥቅም አግኝተውበታል።

እናቶች የሚሠሩት ሌላ ነው። ተልባው ይለቀማል፤ ድንጋይና አፈር አይታጣበትም። ከዚያ በብረት ምጣድ ይታመሳል። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው እሳቱ ይቀነሳል፣ ሳይጠቁርም ይወርዳል። ማመሱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ጥሬ ተልባ ውስጥ ሲበላ ሳያናይድ ሊያመነጩ የሚችሉ ጥቂት ውሕዶች አሉ፤ በማንኪያ ልክ ለሚበላ አዋቂ የሚያሰጋ መጠን ባይሆንም ሙቀት ይቀንሳቸዋል። ከበረደ በኋላ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ወንፊቱ ላይ የቀረው ተመልሶ ሙቀጫ ይገባል። ሙቀጫ የሌለው የቡና መፍጫ ማሽን ይጠቀም፤ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ነው እንጂ ዘይት ስላለው ይጣበቅበታል።

ከተወቀጠ በኋላ ግን ብዙ አይቆይም። አንዲት ዘመዳችን ከአሜሪካ ስትመጣ የተፈጨ ተልባ በሚያምር ከረጢት ይዛ መጣች፤ ላዩ ላይ ቀይ ልብ ተስሎበታል። “ለደም ግፊትሽ ነው” ብላ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ አመሰገነች፣ ከረጢቱን ከፈተች፣ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ መልሳ ዘጋችው። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ፣ “ይሄ ተልባ ቀለም ቀለም ይላል” አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እሷ ከምታስበው በላይ።

የሠዓሊዎች የዘይት ቀለም የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ነው። የወይራ ዘይት ሸራ ላይ ብትቀቡ አይደርቅም፤ የተልባ ግን አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ይጠጥርና ለብዙ መቶ ዓመታት የሚቆይ ሽፋን ይሆናል። ፍሬደሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ ጠባይ አይቶ ነው ሊኖሊየም የሚባለውን የወለል ንጣፍ ያወጣው። ምክንያቱ ራሱ ኦሜጋ 3ው ነው። ሞለኪዩሉ ሦስት ድርብ ትስስሮች አሉት፤ ኦክስጅን በእነሱ በኩል እየገባ ይለውጠዋል። ለልብ የምንፈልገው ዘይት ቶሎ የሚበላሸውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ቅርፊቱ ስለሚከላከልለት ደረቅ ቦታ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ለአየር፣ ለብርሃንና ለሙቀት ተጋልጧል። ለክረምት ይበቃል ብሎ አንድ ኩንታል አስፈጭቶ ማስቀመጥ ስለዚህ ብልህነት አይደለም። ለሳምንት የሚበቃ መውቀጥ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ፍሪጅ ካለ እዚያ መክተት ነው። ቀለም ቀለም ካለ ወይም ምላስ ላይ ከመረረ ይጣል። በዲሲም በአዲስ አበባም ያላችሁ፣ የታሸገ ዱቄት ከመግዛት ፍሬውን ገዝታችሁ ቤት ፍጩት፤ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም።

አሁን ወደ ዝቃጩ። የተልባ መጠጥ ሲሠራ ዱቄቱ በፈላ ውሃ ይበጠበጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ላይ ላዩ ይጠለላል፣ ማር ወይም ስኳር ይገባበታል። ጁስ ቤቶች የሚሸጡትም ይህንኑ ነው፤ ስኳሩ ከተልባው እስኪበልጥ ድረስ። ዝልግልጉ ከላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ አለ። የማይሟሟው አሰር፣ ተልባ ከምግቦች ሁሉ የሚበልጥበት ሊግናን የሚባለው ውሕድ፣ ከዘይቱም ብዙው ታች ነው የሚቀረው። አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ልጁ ጭላጩን ወደ ማጠቢያው ሲገለብጠው አይቼ “ለምን ትደፋዋለህ?” አልኩት። “ጋሼ፣ እሱ እኮ ቆሻሻው ነው” አለኝ። ክርክር አልጀመርኩም፤ ወረፋ ነበር። እዚህ ግን ወረፋ ስለሌለ ልናገር፦ ቆሻሻው ስኳሩ ነው። መጠጡን የምትወዱ አማስላችሁ ከነዝቃጩ ጠጡት።

ከሁሉም የሚሻለው ፍትፍቱ ነው። የተነፋው ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ወፈር ብሎ ይበጠበጣል፤ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ቁንጥር ጨው ይጨመርበታል፤ እንጀራ ይፈተፈትበታል። የሚጠለል የለም፣ የሚደፋ የለም፤ ሁሉም እንጀራው ላይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ከጠርሙስ የተቀዳ አንዲት ጠብታ ዘይት አልገባበትም። ዘይቱ ራሱ ተልባው ነው። ይህን የምለው የጾም ምግብ ሁሉ ለልብ ይበጃል ለሚሉ ወዳጆቼም ጭምር ነው። ቅቤና ሥጋው መቅረቱ ጥሩ፤ ወጡ በሚረጋ የፓልም ዘይት ተጥለቅልቆ፣ ድንቹና ሳምቡሳው በዚያው ተጠብሶ ከሆነ ግን ምን አተረፍን? የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ሳቹሬትድ ስብ ነው። በሁዳዴ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አንዱን የዘይት ወጥ በተልባ ፍትፍት የተካ ሰው ለልቡ ውለታ ውሏል።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ በካናዳ ዊኒፔግ በእግር ደም ቅዳ ቧንቧ መጥበብ የተያዙ 110 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንደኛው ቡድን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፣ በዳቦና በመሳሰሉት ውስጥ ተደርጎለት በላ፤ ሌላው ተልባ የሌለበትን ተመሳሳይ ምግብ። ከስድስት ወር በኋላ የተልባ በዪዎቹ የላይኛው የደም ግፊት ከሌሎቹ በ10 ነጥብ፣ የታችኛው በ7 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለምግብ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። በሌሎች ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ለውጥ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ፣ የግፊት ክኒኑን ጥሎ ተልባ የሚይዝ ሰው ካለ ከእኔ ሰማሁ እንዳይል።

የማይሠራበት ቦታም አለ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚመጣው በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ተልባም ሆነ አቮካዶ አይከለክለውም። የልጅ ጉሮሮ ሲታመም የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው። በዚሁ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸውና ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ተልባ በየቀኑ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ጎመንም የዚህን መድኃኒት ሥራ ስለሚነካ መጠኑን ዛሬ ብዙ ነገ ምንም አያድርጉት። አንጀቱ የጠበበ ወይም የመዘጋት ችግር ያለበት ሰው ተልባ ይቅርበት። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ክኒኑንና ተልባውን በአንድ ሰዓት አይዋጥ፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል።

ለጀማሪ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ሆድ ሲለምደው ወደ ሁለት ይወጣል። ገንፎ ላይ፣ አጥሚት ውስጥ፣ እርጎ ላይ ነስንሱት። ውሃ ግን በደንብ ጠጡበት፤ ያለ ውሃ የተበላ ተልባ ሆድ ያደርቃል።