ጊኒ ፒግ ቤቱን ያኝካል፤ በምን እንሥራለት?

ፍየልና በግ የለመደ ነጋዴ ስለ በረት ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ጥንካሬው ነው። ለጊኒ ፒግ ግን ጥንካሬ ብቻ አይበቃም። የዚህ እንስሳ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የቤቱ ዕንጨት፣ ቀለሙና ንጣፉ ሆዱ ይገባል። ስለዚህ የቤት ዕቃው የሚመረጠው መኖ እንደሚመረጠው ነው። በምሥራቅ ኮንጎ፣ በደቡብ ኪቩ፣ ቤተሰቦች ለሥጋ ያረቡታል። ጁባ ላይ ለልጆቹ ብሎ የሚገዛ ደንበኛ ግን እንስሳው በሳምንቱ ቢሞትበት ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ወደ ሻጩ ነው።

ዕንጨት

በኒሙሌ በኩል ከሚገባው ጭነት ጋር የሚመጣው ፓሌት ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን በጎኑ ያለውን ማኅተም ይመልከቱ። “ኤችቲ” የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት የታከመ ነው። “ኤምቢ” የሚል ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ይተውት። ማኅተሙ ደህና ቢሆንም ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትን አይውሰዱ።

ለምስጥ መከላከያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ ምሰሶም አይሆንም። በኬሚካል የተነከረ አረንጓዴ መሰል ዕንጨት አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል፤ የአሮጌ በርና መስኮት ቀለም ደግሞ እርሳስ። ቺፑድም በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ለሚያኝክ እንስሳ አይመከርም።

ንጣፍ

አሜሪካ ውስጥ “ሴዳር” እየተባለ የሚሸጠው የንጣፍ ፍቅፋቂ በአብዛኛው የእኛ ጽድ የቅርብ ዘመድ ነው። ሽታው ለሰው ደስ ቢልም ለትንንሽ እንስሳት ሳንባቸውን ያስቆጣል፣ ጉበታቸውንም ያስቸግራል። ስለዚህ የጽድ ሰጋቱራ አያንጥፉ፤ ኃይለኛ ሽታ ያለውን የባሕር ዛፍም ይተዉት። በኢኳቶሪያ የሚበቅለው የቲክ ዕንጨትም ብናኙ ቆዳንና ሳንባን ያስቆጣል። ከሁሉ የሚሻለው ሻጋታ የሌለበት ንጹሕ ደረቅ ሣር ነው፤ ቢበላውም አይጎዳውም። የረጠበውን በየቀኑ ያንሱ።

ወለልና ሽቦ

የሽቦ ወለል ጽዳት ቢያቀልም እግሩን ያቆስላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ወለሉ ድፍን ይሁን፣ ሽቦው ለጎንና ለላይ ብቻ። እባብና አይጥ እንዳይገቡ ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይብለጥ። አዲስ ሽቦ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ዚንክ ስላለበት በአቼቶና በብሩሽ አጥበው ያለቅልቁት። ለሁለት እንስሳት ቢያንስ 0.7 ካሬ ሜትር ወለል ያስፈልጋል።

ጣሪያ

ጁባ ላይ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ጊኒ ፒግ ከ27 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል፤ ከ30 በላይ ሲሆን በሙቀት ሊሞት ይችላል። ባዶ ቆርቆሮ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል፣ የፕላስቲክ ሸራም አየር ያፍናል። ቤቱን ከማንጎ ጥላ ሥር ያስቀምጡ፣ በሣር ይክደኑት፣ በሁለት ጎን ነፋስ ይግባበት። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ ከላዩ ወፍራም ሣር ይደርቡበት።

ሲሸጡም ለደንበኛው ቤቱ ከምን እንደተሠራ ይንገሩት። አንድ ሳንቃ ቢሰበርበት፣ ያገኘውን ቀለም ቅብ ዕንጨት አምጥቶ እንዳይተካበት።