«ብርድ ነው» ያልነው ቁርጥማት ልብ ላይ ሲደርስ

በእነዚህ ገጾች ስለ ኤች አይ ቪ/ኤድስ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ልብ እናወራለን። «ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የሚገናኙበትን ቦታ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከአምቦ ብዙ በማይርቅ ከተማ የምትማር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን ትቼዋለሁ። ይህች ልጅ በየአራት ሳምንቱ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ትቀርና ወደ ሐኪም ቤት ሄዳ መርፌ ተወግታ ትመለሳለች። የክፍል ጓደኞቿ ይህን አዩ። አይተው ግን ዝም አላሉም። «በየወሩ የሚኬደው ለምን እንደሆነ አናውቅም እንዴ? ያ ነገር ይዟት ነው!» እያሉ ያንሾካሽኩባት ጀመር። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ሳትቀር ወንበር ቀየረች።

ልጅቷ ወሬውን መሸከም ሲያቅታት መርፌውን ተወችው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር አለፈ። ከዚያ ጉሮሮዋን አመማት። ቆየት ብሎ ጉልበቷ አበጠ፤ ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ እኔ ያገኘኋት በዚህን ጊዜ ነው።

ልጅቷ ኤች አይ ቪ የለባትም። ቢኖርባትም ኖሮ ማንሾካሾኩ ያው ነውር ነበር። እሷን የያዛት ከጉሮሮ ተነሥቶ ልብ ላይ የሚደርስ ሌላ በሽታ ነው።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ሩማቲክ የልብ ሕመም» ይሉታል። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ቶንሲልን ያሳብጣል። ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነታችን ወታደሮች መሆናቸውን ከኤች አይ ቪ ትምህርታችሁ ታስታውሳላችሁ። ኤች አይ ቪ እነዚህን ወታደሮች ይገድላል። በዚህኛው በሽታ ግን ወታደሮቹ አይሞቱም፤ ይሳሳታሉ። የባክቴሪያው አካል የገዛ ልባችንን ሥጋ በከፊል ስለሚመስል፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ወታደሮቹ ጠላትን ያጠቁ መስሏቸው የራሳቸውን ሰው ይመታሉ።

ይህ የሚሆነው ጉሮሮው ከታመመ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ያተኩሰዋል፤ መገጣጠሚያዎቹ ያብጣሉ። ሕመሙ ዛሬ ጉልበት ላይ ከሆነ ነገ ቁርጭምጭሚት፣ ከነገ ወዲያ ክርን ላይ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ብዙ ሰው በጠባብ ቤት ወይም በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሲኖር ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል።

ልባችን አራት በሮች አሉት፤ ቫልቭ ይባላሉ። ደም ወደፊት እንዲሄድ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በሽታው በተመላለሰ ቁጥር እነዚህ በሮች ይጠባሳሉ። አንዱ በደንብ አይከፈትም፤ ሌላው በደንብ አይዘጋም። ልብ ሥራው ይበዛበትና ይደክማል። ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ የልብ ምት መዛባት ይከተላል። ደም ልብ ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ በድንገት ግማሽ አካልን ያሽመደምዳል። ልቧ የተጎዳ ሴት ስታረግዝም ለሕይወቷ ያሰጋታል።

«ብርድ ነው፤ ፍል ውሃ ግባ»

እኛ ምዕራብ ሸዋዎች ቁርጥማት ስንሰማ መልሳችን የታወቀ ነው። «ብርድ ነው» እንላለን። የጄልዱን ደጋ ብርድ የቀመሰ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ከዚያ በቅቤ ማሸት ይመጣል፤ ካልሆነ የአምቦ ፍል ውሃ አለ። እውነት ነው፣ ሙቅ ውሃ ያዝናናል። ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም፤ ልብንም አይጠብቅም።

የሚያታልለን ነገር ምን መሰላችሁ? የመገጣጠሚያው እብጠት ሳይታከምም ቢሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ምስጋናውን ፍል ውሃው ወይም ወጌሻው ይወስዳል። ልጁም ወደ ኳሱ ይመለሳል። ልቡ ላይ የተጀመረው ጠባሳ ግን ማንም ሳያየው ይቀራል።

እንጥልና ምላጭ

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ልምጣ። ልጅ እያለሁ ጉሮሮዬን አሞኝ አኮ፣ አያቴን እንዲህ ነው የምንጠራት፣ እጄን ይዛ ወደ እንጥል ቆራጭ ወሰደችኝ። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ተሰልፈው ነበር። ሰውዬው አንዱን ልጅ ቆርጦ ምላጩን በጨርቅ ጠረግ ያደርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተራዬ ሲደርስ እሪ ብዬ አመለጥኩ። አኮ ያን ያደረገችው ስለምትወደኝ ነው፤ የምታውቀው መድኃኒት እሱ ነበርና አልፈርድባትም።

እኛ ግን ዛሬ እናውቃለን። እንጥል መቁረጥም ሆነ ቶንሲልን በጥፍር ማፈንዳት ስትሬፕቶኮከስን አያጠፋም። ብዙ ደም ሊያፈስ፣ ቁስሉንም ሊያመረቅዝ ይችላል። በአንድ ምላጭ ብዙ ልጆችን መቁረጥ ደግሞ ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረስ በር ይከፍታል። አያችሁ? ልባችንን ከበሽታ የሚጠብቀውና ደማችንን ከኤች አይ ቪ የሚጠብቀው ውሳኔ አንድ ነው፤ ምላጩን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

«ይህ እኮ የጥቂት ሰዎች ችግር ነው» የሚል ካለ ጅማን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በጅማ ሕመም የማይሰማቸው 2,000 ያህል ተማሪዎች በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ታይተው ነበር። ከየ1,000ው 31 ያህሉ ላይ የበሽታው ምልክት ተገኘ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ቢኖር ሁለት ልጅ ገደማ ማለት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚውሉ፣ የሚሮጡ፣ የሚስቁ ነበሩ።

ሁለተኛው ጥናት ሬሜዲ ይባላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ14 አገሮች፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባለው ጊዜ 3,343 ታማሚዎችን መዘገበ። የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው ከስድስቱ አንዱ ያህል ሞተ። የልብ በሽታ የሽማግሌ በሽታ ይመስለን ነበር፤ ይህኛው ግን በሥራና በትዳር ዕድሜ ላይ ያሉትን ይወስዳል።

ሦስተኛው ተስፋ የሚሰጥ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ ከ100,000 በላይ ሕፃናትና ወጣቶች በኢኮ ታዩ። በሽታው ገና ጀማሪ የሆነባቸውና ምንም ያልተሰማቸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆነ 818 ልጆች ተመርጠው በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወጉ፣ ግማሾቹ ያለ መርፌ ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌውን ከወሰዱት 399 ልጆች ልባቸው የባሰበት 3 ብቻ ነበሩ። መርፌ ካልወሰዱት 400 ውስጥ ግን 33 ነበሩ። ፔኒሲሊን አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ አያቶቻችን ያውቁታል። አዲሱ እውቀት፣ በሽታው ሳይሰማ ከተደረሰበት ይህ አሮጌ መድኃኒት ልብን ሊያድን መቻሉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጆቹ መርፌያቸውን እንዳያቋርጡ ነርሶችና የአቻ ቡድኖች ይደግፏቸው ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? አይደለም። በፀረ ኤድስ ክበቦቻችን የምናውቀው የአቻ ለአቻ መደጋገፍ ነው።

ቀዶ ሕክምናውስ?

ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ መጠገን ወይም በሰው ሠራሽ መተካት ያስፈልጋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ፈንድን ሲመሠርቱ በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አልነበረም፤ ሕፃናት ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከሉ ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ይሠራ የነበረውን ቀዶ ሕክምና በኋላ የእኛው ሐኪሞች ይሠሩት ጀመር። ትልቅ ነገር ነው! ነገር ግን የሚጠብቀው ሕፃን ብዛት ከማዕከሉ አቅም በላይ ነው። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን እየዋጠ፣ በየጊዜው ደሙን እየተመረመረ ይኖራል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ልባችንን ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለን ማዳን ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

1. የጉሮሮ ሕመምን አንናቅ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚድን ነው። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር በድንገት የሚያም ጉሮሮ፣ ትኩሳት፣ የአንገት እጢ እብጠትና ቶንሲል ላይ የሚታይ ነጭ መግል ካለ ግን ስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ እንሂድ። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን ኪኒን ያጠፋዋል። ኪኒኑን በሦስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ መተው ግን አይሠራም።

2. ከመድኃኒት ቤት በራሳችን ፈቃድ መድኃኒት አንግዛ። ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ መርፌውን ባለሙያ ጠይቆና አይቶ ነው የሚሰጠው።

3. ከቦታ ቦታ የሚዞር የመገጣጠሚያ እብጠት ከትኩሳት ጋር ከታየ ወይም ትንፋሽ ካጠረን፣ ከፍል ውሃው በፊት ሐኪም ይየን።

4. በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ መርፌ የታዘዘልን ቀኑን አናሳልፍ። ሕክምናው ረጅም ነው። በሽታው ልቡን ለነካው ሰው ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል ይቆያል። ቫልቩ ለተጎዳበት ሰው እስከ 40 ዓመት ዕድሜና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል። መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

5. ምላጭና እንጥል ቆራጭ ይቅር። ታናናሽ ወንድምና እህቶቻችንን ሊወስዷቸው ሲነሡ እናትና አባታችንን በአክብሮት እናስረዳ።

6. አናንሾካሽክ። ጓደኛችን ለምን ሐኪም ቤት እንደሚመላለስ የማወቅ መብት የለንም። ልንጠይቀው የሚገባን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አብሬህ ልሂድ?»

የፀረ ኤድስና የጤና ክበብ አባላትም አንድ የቤት ሥራ አለባችሁ። ይህን ጽሑፍ በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ አንብቡት። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። አንድ ልጅ ሰምቶ ታናሹን ጤና ጣቢያ ቢወስድ ትልቅ ሥራ ሠራችሁ።

ያቺ ተማሪስ ምን ሆነች? መርፌዋን ቀጥላለች። ያቋረጠችባቸው ሦስት ወራት ግን ዋጋ አስከፍለዋታል። አንዱ የልቧ በር ከበፊቱ የበለጠ ተጎድቷል፤ ያ ጠባሳ አይመለስም፤ አሁን በሐኪም ክትትል ላይ ናት። ወንበር የቀየረችው ጓደኛዋ ነገሩን በክበብ ውይይት ላይ ስትሰማ አለቀሰች። ይቅርታም ጠየቀቻት። አሁን የመርፌው ቀን ሲደርስ ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ሄደው በአንድ ባጃጅ ይመለሳሉ። የዕለቱን ትምህርት ደግሞ ማታ ከሌላ ልጅ ደብተር አብረው ይገለብጣሉ።

እስከሚቀጥለው ቸር ይግጠመን!