የአንትሮፖሎጂ ጀማሪ ተማሪና «የአጎት ልጅ» የሚለው ስያሜ

ለመጀመሪያ ዲግሪ አንትሮፖሎጂን የሚያጠና ተማሪ ገና ከመነሻው ከሚገጥሙት ርእሶች አንዱ የዝምድና ጥናት ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን ስለ ሰው ልጅ የዝምድና ሥርዓቶች የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1871 ካሳተመ ወዲህ፣ ማን ማንን በምን ስም ይጠራል የሚለው ጥያቄ ከዘርፉ ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ርእሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ይመስላል፤ አጎትና አክስትን የማያውቅ የለምና። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ነው።

ዘርፉ «ሥነ ሰብእ» ይባል ወይስ «አንትሮፖሎጂ» የሚለው ጥያቄ የሚያከራክር ቢሆንም፣ የትኛውም ቢመረጥ ተማሪውን አያሳስትም። የሚያሳስቱት የታወቁ የሚመስሉት ቃላት ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደቡብ ሕንድ በታሚል ተናጋሪዎች ልማድ አንድ ወንድ የእናቱን ወንድም ልጅ ማግባት ይችላል፤ የአባቱ ወንድም ልጅ ግን እንደ እኅት ስለምትቆጠር አትፈቀድለትም። በብዙ የዐረብ ማኅበረሰቦች ደግሞ በልማድ ተመራጭ የነበረችው የአባት ወንድም ልጅ ናት። ሁለቱ ሥርዓቶች በዚህ ረገድ ተቃራኒ ናቸው። ተርጓሚው ሁለቱንም «የአጎቱን ልጅ ያገባል» ቢላቸው ግን የአማርኛው ዐረፍተ ነገር አንድ ይሆናል፤ ተማሪው እንዲያስተውለው የተፈለገው ልዩነትም ይጠፋል።

ይህ የሆነው አማርኛ የአባትንና የእናትን ወንድም በአንድ ቃል «አጎት» ብሎ ስለሚጠራ ነው። ትግርኛ የአባትን ወንድም «ሓወቦ»፣ የእናትን ወንድም «ኣኮ» በማለት ይለያል። የአማርኛው አጠራር እስከ ሰባት ቤት ጋብቻን ከሚከለክለው ልማድ የመነጨ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም ይኸው ልማድ በትግርኛ ተናጋሪዎችም ዘንድ ስላለ፣ የጋብቻ ሕግ ብቻውን የቃላትን አከፋፈል ይወስናል ማለት አይቻልም።

እንግሊዝኛው የሁለት ወንድማማቾች ወይም የሁለት እኅትማማቾች ልጆች እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና «ፓራለል ካዝን»፣ የአንድ ወንድምና የአንዲት እኅት ልጆች ያላቸውን ደግሞ «ክሮስ ካዝን» ይላል። የመጀመሪያውን ቃል በቃል «ትይዩ» ማለት አደገኛ ነው። ትይዩ በሒሳብ ትምህርት የማይገናኙ መስመሮችን ቢያመለክትም፣ በተለመደው ንግግር ፊት ለፊት ያለን ነገር ያመለክታል። ስለዚህ አንባቢው የተባለውን ትቶ ተቃራኒውን ሊረዳ ይችላል። «መስቀለኛ» የሚለውም ከመንገድና ከችሎት ጥያቄ ጋር የተለመደ እንጂ ስለ ዝምድና የሚነግረን ነገር የለም።

እንግዳ ቃል መፍጠር ግን አያስፈልግም፤ መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። ስለዚህ የሚከተሉት ፍቺዎች ቀርበዋል።

የወንድማማች ልጆች፦ አባቶቻቸው ወንድማማች የሆኑ።

የእኅትማማች ልጆች፦ እናቶቻቸው እኅትማማች የሆኑ። ይህና ከላይ ያለው በአንድነት ፓራለል ካዝን የሚለውን ይተካሉ።

የወንድምና የእኅት ልጆች፦ የአንደኛው አባት የሌላው እናት ወንድም የሆነ። ክሮስ ካዝን የሚለውን ይተካል።

«አጎት» እና «አክስት» ግን በትንታኔ ውስጥ ብቻቸውን መግባት የለባቸውም፤ «የእናት ወንድም»፣ «የአባት እኅት» እየተባለ ይዘርዘር። የአንድ ማኅበረሰብ የራሱ ቃል ሲጠቀስም፣ ለምሳሌ «ኣኮ»፣ በመጀመሪያ ተፈትቶ ከዚያ በኋላ እንዳለ ይጻፍ። የተመራማሪው መለኪያና የተናጋሪው ስያሜ ከተቀላቀሉ፣ ተማሪው የሌላውን ማኅበረሰብ ሥርዓት ያጠና እየመሰለው የራሱን ቋንቋ አከፋፈል መልሶ ያነባል። ከዚህ ስሕተት ሊጠብቀው የሚችለው የመጀመሪያው ሰው ተርጓሚው ነው።