በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተደረገው ምርመራ

በቀድሞ ዘመን በደሃናም ሆነ በሌላው የደጋ አገር ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሲሰወር፥ አገሬው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ሁሉም ይምላል፤ በግልጥ መናገር የፈራም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የሰማውን ያመለክታል። ሥርዓቱ ከእንከን የጠራ አልነበረም፤ እርሻውን ትቶ በሜዳ የሚታገተው ገበሬ ብዙ ይጎዳ ነበር። ነገር ግን ጉባኤው ሲጀመር ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የሚፈለገውም እርሱ ነበር።

በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከጦር ሜዳ ርቆ በአዲስ አበባ የተደረገው ምርመራ ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወርውረው ተሰወሩ። ጠላት ከተማውን ሦስት ቀን በደም ካጠበ በኋላ፥ የሤራውን ሥር ፍለጋ በጦር ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ እጅ ገባ። ፍንጩ ይህ ነበር፤ አብርሃ ባለቤቱን አስቀድሞ በደብረ ሊባኖስ አስቀምጧት ነበር፤ ሁለቱም ሲያመልጡ በስምዖን አደፍርስ መኪና ወደዚያው አቅጣጫ ሄደዋል። እኛ ይህን ፍንጭ አናቃልለውም፤ ማንም መርማሪ የሚከተለው ነው። ነገር ግን የሚያስረዳው የሁለት ሰዎችን መንገድ እንጂ የመነኮሳቱን ሁሉ በደል አይደለም። ገዳም ለእንግዳ በሩን ይከፍታል፤ «ምን ሠርተህ መጣህ?» ብሎ አይመረምርም።

ግንቦት 11 ቀን ግራዚያኒ ለጄኔራል ማሌቲ ቴሌግራም ላከ፤ ዐቃቤ ሕጉ የመነኮሳቱን ተባባሪነት የሚያረጋግጥ ፍጹም ማስረጃ አግኝቷልና ሁሉም ያለ ልዩነት ይረሸኑ የሚል ነበር። ችሎት አልተሰየመላቸውም። ግንቦት 12 የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ስለ ሆነ፥ ገዳሙ በምእመናን ተሞልቶ ነበር። በማግሥቱ ላጋ ወልዴ በተባለው ሸለቆ በመትረየስ ተፈጁ። ግራዚያኒ የተገደሉት 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ናቸው ብሎ ለሮማ አስታወቀ።

የተገደሉትን ወገን የጠየቀው ምርመራ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ዘገየ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአገሩን ሽማግሌዎች እየጠየቁ ነገሩን ተከታተሉት፤ ካምቤል በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ የሞቱትን ከ1,800 እስከ 2,200 ይገምታል።

በመጀመሪያ ከሞት ተለይተው የቀሩ 129 ዲያቆናትም ነበሩ። ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንጌጫ በተባለው ስፍራ ተረሸኑ፤ ግራዚያኒም በወረቀቱ ላይ ድምሩን 449 አደረገ።