ተጨማሪ መረጃ፦ «ፖሊ» እንዴት አደገ?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ ምህንድስና ሊማር የሚሻ ተማሪ ካሉት ቅርብ አማራጮች ሁለቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ ናቸው። በዕድሜ የሚበልጠው የባሕር ዳሩ ተቋም ነው።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር «ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት» ተብሎ ሲከፈት ዋና ሥራው ቴክኒሻኖችን ማሠልጠን ነበር። የሙያዎቹ ምርጫ እንዲያው በዘፈቀደ አልነበረም። ጨርቃ ጨርቅ ተካተተ፤ ምክንያቱም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚያው ባሕር ዳር ነበር። የእርሻ መካኒክስም ተካተተ፤ ዙሪያው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነውና። ብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪም ነበሩ።

የዲግሪው ትምህርት የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. ተቋሙ ከከተማዋ የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ተለወጠ እንጂ የሰው አፍ አልተለወጠም፤ ዛሬም ተማሪው የምህንድስናውን ግቢ «ፖሊ»፣ የመምህራኑን «ፔዳ» ይለዋል። ከስድስቱ ሙያዎች አንዱ የነበረው ጨርቃ ጨርቅ አሁን ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ነው።

ሌላው አማራጭ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ የተቋቋመው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን ቡሬ ላይም ግቢ አለው።