ያውቁ ኖሯል? የድሬዳዋ ጀንበርና የካሜራዎ ሴቲንግ

የድሬዳዋ ጀንበር ከአዲስ አበባዋ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። ድሬ ከመዲናዋ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ትርቃለች፤ መሬት 1 ዲግሪ ለመዞር ደግሞ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። የእጅ ሰዓታችን ግን አንድ ነው። በአዲስ አበባ ልማድ አስልቶ ካሜራውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚመጣ እንግዳ ዋናው ነገር ያመልጠዋል።

ያውቁ ኖሯል? በኅዳር መባቻ ድሬ ላይ ጀንበር የምትጠልቀው 11፡48 ገደማ ነው፤ በሐምሌ መጀመሪያ ግን እስከ 12፡37 ትቆያለች። ቦታም ትለውጣለች። በታኅሣሥ በደቡብ ወዳለው ተራራ ታደላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜኑ ሜዳ። በሰኔ ከአንድ የፓርኩ ሼድ ጀርባ ያነሷትን ጀንበር በታኅሣሥ እዚያው ቆመው ቢጠብቋት አያገኟትም።

ክቧ አድማስ ከነካች በኋላ ሙሉ በሙሉ እስክትሰወር ከ2 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ለምድር ወገብ ስለቀረብን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። በስቶክሆልም በመጋቢት ወር እጥፍ ያህል ጊዜ ትወስዳለች። እኛ ዘንድ ሴቲንግ የሚሞከረው እንግዲህ ቀደም ብሎ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የድሬን ቅላት ከፎቶዎ ላይ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ካሜራው ራሱ ነው። አውቶ ኋይት ባላንስ ቅላቱን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያርመዋል። አንዱን በአውቶ፣ ሌላውን በ5500 ኬልቪን አንሥተው ጎን ለጎን ያስተያዩ። በመጀመሪያው የሼዱ ግድግዳ ገርጥቶ ይታያል፤ በሁለተኛው ዓይንዎ ያየው ብርቱካናማ ቀለም ይመለሳል። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተነካው!

አሁን ደግሞ ሻተሩን ይሞክሩ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8 ላይ ያድርጉና ሳይነቃነቁ ሦስት ጊዜ ያንሱ፦ 1/125፣ 1/500፣ 1/2000 ሰከንድ። በመጀመሪያው የጣሪያው ቆርቆሮ ሽንሽን ይለያል፣ ሰማዩ ግን ነጭ ይሆናል። በሁለተኛው ሰማዩ ቀለሙን ያገኛል፤ ከሥራ የሚወጡት ሠራተኞች ጥላ ይሆናሉ። በሦስተኛው ከጀንበሯ ክብ በቀር የሚተርፍ የለም። የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ በኋላ የሚመልሰው ኮምፒውተር የለም።

ኤፍ 16 ላይ ጀንበሯን በሼዱ ጥግ በከፊል ከልለው ቢያነሡ ጨረር ታወጣለች። የሌንስዎ አፐርቸር ምላጮች 7 ከሆኑ 14 ጨረር፣ 8 ከሆኑ 8 ብቻ ይቆጥራሉ።

አቧራ ሰማይን ያቀላል ይባላል። ወፍራም አቧራ ግን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ደማቁ ጀንበር መጥለቂያ ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ ያለው ነው። በድሬ ክረምት ካሜራ ሰቅሎ መቀመጥ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር ራሱን በካሜራ አንሥቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ፎቶዎቹ የነጡበት ለማጠቢያ የሚጠቀምበት ውሃ መጥፎ ስለነበር መሆኑን ጽፎላቸዋል። ያኔ ድሬዳዋ አልተቆረቆረችም፤ ባቡሩ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እርስዎ ስህተትዎን በሰከንድ ውስጥ ስክሪኑ ላይ አይተው ያርማሉ፤ ስለዚህ ለመሞከር አይሳሱ።

ፓርኩ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ለማንሣት አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ጀንበሯን በሌንስ ቀዳዳ አተኩረው አይመልከቱ፣ ዓይን ይጎዳል፤ በስክሪኑ ይጠቀሙ።

ከጠለቀች በኋላም ካሜራዎን ወደ ቦርሳ አይክተቱ። ሰማዩ 21 ደቂቃ ያህል ብርሃን ይዞ ይቆያል፤ የፓርኩ መብራቶች የሚበሩትም ያን ጊዜ ነው።