እንግሊዝኛም አንቱታ ነበረው

አያት ከአገር ቤት ካልጋሪ ሲመጡ በብዙ ቤት የሚደጋገም ነገር አለ። ልጅ እየሮጠ ይመጣና «አያቴ፣ ሻይ ትፈልጊያለሽ?» ይላል። አያት ፈገግ ይላሉ፤ እናት ግን ከኩሽና ሆና ትሸማቀቃለች። «ይፈልጋሉ በል እንጂ!» ልጁ ግራ ይገባዋል። «በእንግሊዝኛ እኮ ሁሉም ‹ዩ› ነው፤ አማርኛ ለምን ያስቸግራል?»

ጥያቄው የብልግና አይደለም። መልሱም ልጁ በትምህርት ቤት በሚዘምረው መዝሙር ውስጥ አለ።

የካናዳ ብሔራዊ መዝሙር በእንግሊዝኛ ሲዘመር «ዚ» የሚል ቃል አራት ጊዜ ይመጣል። ልጆች፣ እስቲ ቁጠሩት! ዛሬ በሰፈር በዚህ ቃል የሚያወራ የለም። ትርጉሙ «አንተን» ወይም «አንቺን» ነው። እኛ ኢትዮጵያን «አንቺ» እንደምንላት፣ መዝሙሩም ካናዳን «አንቺን» ይላታል። የቃሉ ዘመድ የሆነው «ዛይ»፣ ማለትም «ያንቺ»፣ እስከ 2018 ድረስ እዚያው ነበር። በዚያ ዓመት ወንዶች ልጆችን ብቻ ይጠራ የነበረው ስንኝ ሁሉንም እንዲያካትት ሲለወጥ አብሮ ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «ዛው» ይል ነበር፤ «ዩ» ደግሞ የብዙ ሰዎች መጠሪያ ነበር። በ1066 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ወጉ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ትልቅን ሰው፣ አንድም ቢሆን፣ በብዙ ቁጥር መጥራት ክብር ሆነ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሰዎቹ መጡ» እና «አያቴ መጡ» ስንል ግሱ ያው ነው። እኛም የምናከብረው አንዱን እንደ ብዙ ቆጥረን ነው።

በዚህ ቀልድ አልነበረም። በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ተከሶ ችሎት ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ሆን ብሎ «ዛው» እያለ ሰደበው። በዚያው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብለው ሹሙንም ዳኛውንም «ዛው» ስላሉ ብዙ ቁጣ ወረደባቸው። ሌላው ሕዝብ ግን ሰው እንዳያስቀይም ሁሉንም «ዩ» ማለት ለመደ። «ዛው» ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደ።

እንግዲህ ልብ በሉ! እንግሊዝኛ የጣለው አንቱታውን ሳይሆን «አንተ»ን ነው። የቀረው «ዩ» የክብሩ ቃል ነው። ምስክሩም ሰዋስው ነው፤ ለአንድ ሰው እንኳ «ዩ አር» እንጂ «ዩ ኢዝ» አይባልም።

ዛሬ «ዛው» የሚሰማው በጸሎትና በሼክስፒር ቲያትር ስለሆነ የክብር ቃል ይመስላል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን «ዛው» ይለዋል። እኛም ስንጸልይ «አንተ» እንላለን፤ መናቅ ሳይሆን መቅረብ ነው። ብዙዎቻችን እናታችንን «አንቺ» የምንለውም ለዚሁ ነው።

አማርኛም የሚሳሳ ቃል አለው። ጎጃም፣ ጎንደር ወይም ወሎ ያደጉ አያቶች በ«እርስዎ» ፈንታ «አንቱ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ከተማ ውስጥ እምብዛም ባይሰማም «አንቱ የተባለ ሐኪም» ስንል አሁንም አለ፤ የተከበረ፣ ስሙ የተጠራ ማለታችን ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁን ከመቆጣት ታሪኩን ንገሩት። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የሚማር ከሆነማ ቀላል ነው፤ «ቱ» አንተ ነው፣ «ቩ» ደግሞ እርስዎ። ከዚያ በሦስት ቃል ጀምሩ፦ «ደህና አደሩ?»፣ «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»። ቢሳሳት አትሳቁበት፤ የተሳቀበት ልጅ ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል።

እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ቀርቷል። የእኛ ልጆች ግን ሁለቱንም መያዝ ይችላሉ፤ ለእናት የሚሆነውን «አንቺ»ም፣ ለአያት የሚሆነውን «እርስዎ»ም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ስልኩን ለልጁ ስጡትና «እንደምን አሉ?» ብሎ ይጀምር። ከወዲያ የሚመጣውን ምርቃት ያኔ ይሰማዋል።